የቅርንፉድና የጦስኝ ዘይት ለአፍ ፈንገስ፦ ሳህን ላይ የገደለው አፍ ውስጥ ለምን ይደክማል?

ቀማሚ_ቤት
ሰላም ለሁላችሁ። የአፍ ካንዲዳን (አፍ ውስጥ የሚበቅል የእርሾ ዓይነት ፈንገስ) በዕፅዋት ስለማከም የሚጻፈው አብዛኛው ነገር አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ቅጠሉ ይፈጫል፣ በአልኮል ይዘፈዘፋል፣ ጭማቂው ካንዲዳ የተዘራበት የላብራቶሪ ሳህን ላይ ጠብ ይደረግና ዙሪያው 18 ወይም 22 ሚሊ ሜትር ይጠራል፤ ከዚያ «ተስፋ ሰጪ ነው» ተብሎ ይዘጋል። ከሳህኑ እስከ አፍ ያለውን መንገድ የሚነካው የለም።

ሁለት ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ የቅርንፉድ፣ የጦስኝ ወይም የቲ ትሪ (የአውስትራሊያ ዛፍ) ዘይት መጉመጥመጫ ሆኖ ሲዘጋጅ ስንት ፐርሰንት ላይ ነው ካንዲዳን የሚይዘው፣ ስንት ላይስ ነው አፍ የሚያቃጥለው? ሁለተኛ፣ የተለመደውን የፈንገስ መድኃኒት ኒስታቲንን ይተካል ወይስ ከጎኑ ነው የሚቆመው? «ሞክሬው ሠርቷል» የሚል መልስ ይቅርብኝ፤ ቁጥር ያለው ይምጣ።

ማይክሮ_ቤንች
ከጠራው ክብ እንጀምር፤ ግማሹ ጥፋት እዚያ ነው። ዘይት ከውኃ ጋር አይስማማም፣ ሳህኑ ላይ ያለው ማሳደጊያ ጄል፣ አጋር፣ ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ስለዚህ ኃይለኛ ዘይት አጋሩ ውስጥ ሳይሰርግ ቀርቶ ጠባብ ክብ ሊሰጥ ይችላል፤ ደካማ ሆኖ በውኃ የሚሟሟ ነገር ደግሞ ሰፊ ክብ ይሰጣል። በዚያ ላይ የሚተነው ክፍል በክዳኑ ሥር ተሰራጭቶ በጎረቤት ያለውን ሌላ ዘይት የተነከረ ወረቀት ውጤት ያበላሻል። የክብ ስፋት ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይሁን፤ ሁለት ዘይቶችን ለማወዳደር ግን አይሆንም።

የሚፈለገው ዝቅተኛው ገቺ መጠን ነው፣ ማለትም እርሾው እንዳያድግ የሚያደርገው ትንሹ መጠን፤ ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ፣ በሲኤልኤስአይ ኤም27 (ለእርሾ መድኃኒት መፈተኛ በወጣ መደበኛ) አሠራር። ማሳደጊያው አርፒኤምአይ 1640 የተባለው ፈሳሽ ሆኖ፣ ሞፕስ በተባለ አረጋጊ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 7.0 ላይ ይያዝ። ጉድጓዱ ውስጥ የሚኖረው እርሾ በሚሊ ሊትር ከ500 እስከ 2,500 ሕዋስ፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ፣ ንባቡ በ24 ሰዓት። ማሟሟቻው ዲኤምኤስኦ ከሆነ በመጨረሻ ከ1% እንዳይበልጥ፤ ሲበዛ እርሾውን ራሱ ይጎዳዋል። የማሟሟቻ ብቻ፣ የእርሾ ብቻ፣ የማሳደጊያ ብቻ ጉድጓዶች የግድ ናቸው። ፍሉኮናዞልን (የፈንገስ መድኃኒት) ደግሞ ለመቆጣጠሪያ በሚያገለግለው ዝርያ፣ በካንዲዳ ፓራፕሲሎሲስ ኤቲሲሲ 22019፣ ላይ አብሮ መሥራት ያስፈልጋል፤ የዚህ ዝርያ ውጤት ከተፈቀደው ክልል ከወጣ የዚያን ቀን ሳህን በሙሉ ይጣላል።

ለዘይት የሚጨመር አንድ ነገር አለ። ሳህኑን በሚለጠፍ ፊልም ማሸግ። ካልታሸገ ከፍተኛ መጠን ካለበት ጉድጓድ የሚተነው ዘይት ወደ ጎረቤት ይሻገርና ዘይት ያልገባበት መቆጣጠሪያ እንኳ ሳያድግ ይቀራል። ንባቡ ላይ ያልተጠበቀ ንጹሕ ጥግ ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ነው።

ለጥሬ ጭማቂ፣ ገቺው መጠን በሚሊ ሊትር ከ1,000 ማይክሮግራም ካለፈ ባይወራለት ይሻላል። ከ100 በታች ከሆነ ልፋት ይገባዋል። በመካከል ያለው እንደ አስፈላጊነቱ።

መድኃኒት_ቀማሚ
«ለምን ይደክማል» ለሚለው መልሱ ሂሳብ ነው። 10 ሚሊ ሊትር ተጉመጥምጦ ሲተፋ አፍ ውስጥ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ይቀራል እንበል። ሳይነቃቃ የሚመነጭ ምራቅ በደቂቃ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሊትር ነው፤ የሚቆነጥጥ ጣዕም ሲመጣ ይጨምራል። 0.5 ብንይዝ በ10 ደቂቃ 5 ሚሊ ሊትር አዲስ ምራቅ ያልፍበታል፣ እየተዋጠም ይሄዳል። ያኔ ከመጀመሪያው ጥንካሬ 1% እንኳ አይቀርም።

አሁን ሁለቱን አስተያዩ። የኒስታቲን ፈሳሽ በሚሊ ሊትር 100,000 ዩኒት ነው፤ በክብደት 20 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ማለትም 20,000 ማይክሮግራም። ካንዲዳ አልቢካንስን (ዋናውን የአፍ ካንዲዳ ዝርያ) ለመግታት በተለምዶ ከ8 ማይክሮግራም በታች ይበቃዋል። ወደ 1% ቢወርድ እንኳ 200 ማይክሮግራም አለ፤ ገና 25 እጥፍ ነው።

የቲ ትሪ ዘይት ገቺ መጠን ብዙ ጊዜ 0.25% አካባቢ ነው። 0.5% መጉመጥመጫ ሲጀምር ያለው ትርፍ ሁለት እጥፍ ብቻ ነው፤ በዚያው ሂሳብ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከገቺው መጠን በታች ይወርዳል። የኒስታቲንን ያህል ትርፍ ይዞ ይጀምር ካልን ከ600% በላይ የሆነ ዘይት ያስፈልገናል፤ እንዲህ ያለ ዘይት ደግሞ የለም።

ሂሳቡ ሻካራ ነው፤ ከሽፋኑ ላይ ተጣብቆ የሚቀረውን ዘይት አይቆጥርም። መጠኑን ግን ያሳያል። ከዕፅዋት መድኃኒት እንሥራ ያለ ሰው ፐርሰንቱን ከማሳደግ ይልቅ ቆይታውን ማራዘም ነው ያለበት፦ የሚጣበቅ ጄል፣ ስስ ፊልም፣ ቀስ ብሎ የሚሟሟ ክኒን። 50 ሚሊ ግራሙ የማይኮናዞል (ሌላ የፈንገስ መድኃኒት) የድድ ክኒን በቀን አንዴ የሚበቃው ለዚህ ነው፤ ድድ ላይ ተለጥፎ ለሰዓታት ይለቃል።

ዘይት_አውጪ
ሂሳቡን አልቃወምም፤ አንድ ነገር ግን ዘሏል። ገቺ መጠን የ24 ሰዓት ቁጥር ነው። ተርፒኖች (በዘይቶቹ ውስጥ ያሉት ውሕዶች) የሕዋሱን ሽፋን ስለሚያፈርሱ ከገቺው ብዙ እጥፍ ሲሆኑ በደቂቃዎች ውስጥም ይገድላሉ። ስለዚህ ለመጉመጥመጫ ትክክለኛው ፈተና ከጊዜ ጋር የሚደረገው ነው፤ 30 ሰከንድ፣ 1 ደቂቃ፣ 2 ደቂቃ፣ 5 ደቂቃ ላይ ናሙና ወስዶ፣ ዘይቱን አቅጥኖ ወይም አምክኖ፣ የቀረውን ሕያው እርሾ መቁጠር።

ሰው ላይ የተሠራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ ጥናት ፍሉኮናዞል እምቢ ላላቸው የኤድስ ሕሙማን የቲ ትሪ መፍትሔ በቀን 4 ጊዜ 15 ሚሊ ሊትር ተሰጥቶ፣ ከተገመገሙት 12 ሰዎች 8ቱ በ4 ሳምንት ለውጥ አሳይተዋል።

መድኃኒት_ቀማሚ
@ዘይት_አውጪ ከ8ቱ ሙሉ በሙሉ የዳኑት 2 ናቸው፤ 6ቱ ተሻላቸው እንጂ አልዳኑም። ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረውም። ሌላ መድኃኒት ለከሸፈበት ሰው 2 መዳናቸው ዋጋ አለው፤ ለተራ የአፍ ካንዲዳ ግን ኒስታቲንን ትቶ ወደዚያ ለመሄድ ምክንያት አይሆንም። የጊዜውን ፈተና በተመለከተ እስማማለሁ፤ እንዲያውም እሱን ያልሠራ የመጉመጥመጫ ጽሑፍ ባነብም አላምንም።

ዘይት_አውጪ
ይሁን። ወደ ዘይቱ ጥራት ልግባ፤ «የጦስኝ ዘይት» ብሎ ማውራት ብቻውን ምንም አይናገርምና። ዘይቱን የሚሠሩት ውሕዶች ይለያያሉ፦ አንዱ ጦስኝ ቲሞል ይበዛበታል፣ ሌላው ካርቫክሮል፣ ሌላው ሊናሎል። በመልክ ተመሳሳይ ሆነው ሊናሎል የበዛበት ካንዲዳ ላይ በጣም ይደክማል። ለቲ ትሪ ዘይት በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ በኢሶ 4730፣ መሠረት ቴርፒነን-4-ኦል ቢያንስ 35%፣ ሲኒዮል ቢበዛ 10% ነው። ለቅርንፉድ እምቡጥ ዘይት ዩጀኖሉ ከ75 እስከ 88% መሆን አለበት። የጋዝ ክሮማቶግራፊ ወረቀት (በውስጡ ያሉትን ውሕዶች መጠን የሚያሳይ የምርመራ ውጤት) የሌለውን ዘይት ሙከራ ውስጥ አታስገቡ።

ራሳችሁ የምታወጡ ከሆነ፦ ዕፁ በጥላ ይድረቅ፣ ከ40 ዲግሪ አይለፍ፤ በክሌቨንጀር ዕቃ (ዘይትን በውኃ እንፋሎት የሚለይ የመስታወት ዕቃ) ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይፈላ፤ የወጣው ዘይት በደረቅ ሶዲየም ሰልፌት ውኃው ይመጠጥለት፤ ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ እስከ አፉ ሞልቶ በ4 ዲግሪ ይቀመጥ። ግማሽ ጎደሎ ጠርሙስ ውስጥ የከረመ ቲ ትሪ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ አለርጂ የሚቀሰቅሱ ነገሮችን ይፈጥራል። በቆዳና በአፍ ላይ ብዙውን ጊዜ ችግር የሚያመጣው ያረጀው ነው።

የአፍ_ሐኪም
ስለ ዘይቱ ከማውራታችን በፊት፣ ያ ነጭ ነገር ካንዲዳ መሆኑን ማን አረጋገጠ?

በቁስል መጥረጊያ ጨርቅ ሲጠረግ የሚነሳና ሥሩ ቀይ ወይም ትንሽ የሚደማ ከሆነ የተለመደው ዓይነት ነው። ሲጠረግ የማይነሳ ነጭ ሽፋን ሌላ ጉዳይ ነው። ሥር የሰደደ ካንዲዳ ሊሆን ይችላል፣ ላይከን ፕላነስ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ካንሰር የሚሄድ ሉኮፕላኪያም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው በናሙና ነው። እሱን ለወራት በቅርንፉድ ማሸት ጊዜ መግደል ብቻ አይደለም፣ መልኩንም ይቀይረዋል። ነጭ የሌለው፣ ቀይ ሆኖ የሚያቃጥል ካንዲዳም አለ፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። በተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሥር፣ ላንቃ ላይ፣ የጥርሱን ቅርጽ ተከትሎ የሚቀላው ይህ ነው።

ላብራቶሪ ላይ ጥራጊው በ10% ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በማይክሮስኮፕ ታይቶ የተዘረጋ የፈንገስ ክር ከተገኘ ይበቃል። ካልቸር (ናሙናውን ላብራቶሪ ውስጥ ማሳደግ) ብቻውን ፖዘቲቭ መሆኑ በሽታን አያረጋግጥም፤ ብዙ ጤናማ ሰዎች አፍ ውስጥም ካንዲዳ ይኖራል። ካልቸሩ የሚጠቅመው ዝርያውን ለማወቅ ነው፦ ካንዲዳ ክሩሴ ፍሉኮናዞልን ከተፈጥሮው አይሰማም፣ ካንዲዳ ግላብራታም ብዙ ጊዜ ያስቸግራል።

ሲውጥ የሚያመው ሰው ደግሞ የመጉመጥመጫ ጉዳይ አይደለም። ወደ ጉሮሮ ቧንቧ ወርዷል ማለት ሊሆን ስለሚችል በአፍ የሚዋጥ ፍሉኮናዞል፣ ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም በቀን፣ ከ14 እስከ 21 ቀን ነው የሚታዘዘው።

ምክንያቱንም ፈልጉ። የአስም ስቴሮይድ የሚስብ ሰው ስፔሰር (መሳቢያው ላይ የሚገጠም ቱቦ) ካልተጠቀመና ከሳበ በኋላ ተጉመጥምጦ ካልተፋ፣ የትኛውንም ዘይት ቢጠቀም ካንዲዳው ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይመጣበታል። ስኳርም እንደዚያው፤ በተለይ ያለ ግልጽ ምክንያት ለሚደጋገምበት አዋቂ የስኳርና የኤችአይቪ ምርመራ ይቀድማል።

ቀማሚ_ቤት
ዶክተር አመሰግናለሁ። @መድኃኒት_ቀማሚ መጉመጥመጫው ይደክማል ብለህም ቢሆን፣ ለሙከራ የሚሆን 0.2% እንዴት ነው የሚቀመመው? እኔ ጋ ዘይቱ ሁሌ ከላይ ቀለበት ሠርቶ ይቀመጣል።

መድኃኒት_ቀማሚ
ውኃው ቀድሞ ስለሚገባ ነው። ለ100 ሚሊ ሊትር፦ ዘይት 0.2 ሚሊ ሊትር፣ ፖሊሶርቤት 80 (ዘይትና ውኃን የሚያዋህድ) 1 ሚሊ ሊትር፣ ግሊሰሮል 10 ሚሊ ሊትር፣ የቀረው የተጣራ ውኃ። ዘይቱን በጠብታ አትለካ፤ የጠብታ መጠን ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል፣ በፒፔት ወይም በ1 ሚሊ ሊትር መርፌ ይሁን።

ደረቅ ቢከር ውስጥ ዘይቱንና ፖሊሶርቤቱን ብቻ አድርገህ ሙሉ በሙሉ እስኪዋሃዱ ቀስ ብለህ አማስል። ግሊሰሮሉን ጨምር። ከዚያ ውኃውን በትንሽ በትንሹ፣ መጀመሪያ 5፣ ቀጥሎ 10 ሚሊ ሊትር፣ እያማሰልክ። ጥርት ያለ ወይም ትንሽ ሰማያዊ ጭላንጭል ያለው ከሆነ ተሳክቷል። ወተት ከመሰለ ፖሊሶርቤቱ አንሷል ወይም ውኃው ፈጥኗል። ሌሊት አሳድረህ ተመልከት፤ ጠዋት ላይ ቀለበት ካለ ይጣል፤ ላይኛው ክፍል ንጹሕ ዘይት ስለሆነ መጀመሪያ የሚጉመጠመጠውን ሰው ያቃጥለዋል።

ሁለት ወጥመድ አለ። ፖሊሶርቤት ዘይቱን በጉያው ይዞ ያስቀረዋል፤ ስለዚህ የንጹሑን ዘይት ገቺ መጠን ይዘህ ስለ መጉመጥመጫው መናገር አትችልም፣ ያለቀለት ቅመም እንደገና ይፈተናል። ሁለተኛው፣ አልኮል የሌለበት ቅመም ባክቴሪያ ያበቅላል። ማቆያ የሚሆን ፖታሲየም ሶርቤት 0.2% ይጨመራል፤ የሚሠራው ግን ፒኤቹ ከ6 በታች ሲሆን ነው። በሲትሪክ አሲድ ወደ 5.5 አውርድ፤ ከዚያ በታች ግን አትሂድ፣ የጥርስ ሽፋን መሟሟት ይጀምራል። ሶርቤት ራሱ ፈንገስ ገቺ መሆኑን አትርሳ! ዘይት የሌለበት ተመሳሳይ ቅመም ጎን ለጎን ካልተፈተነ፣ የምታየው ውጤት የማን እንደሆነ አይታወቅም።

የማቃጠሉን ነገር በተመለከተ፣ ገበያ ላይ ያሉት በዘይት የተሠሩ መጉመጥመጫዎች ቲሞል 0.064%፣ ዩካሊፕቶል 0.092%፣ ሜንቶል 0.042%፣ ሜቲል ሳሊሲሌት 0.060% ናቸው። ሲደመር 0.26% አይሞላም፣ ሆኖም አልኮሉ ታክሎበት ብዙ ሰው ይቆነጥጠኛል ይላል። ከዚህ መገመት ነው።

ጥያቄ_ብቻ
ነጭ ሽንኩርትስ? ሎሚስ? ሁሉም የሚያወራው ስለ እነሱ ነው።

የአፍ_ሐኪም
ነጭ ሽንኩርት ካንዲዳ ላይ በእውነት ኃይል አለው፤ ችግሩ አፍንም አይምርም። የሚሠራው አሊሲን ሲደቆስ ነው የሚፈጠረው፤ ስለዚህ ሳይደቆስ የተቀቀለ ነጭ ሽንኩርት ኤንዛይሙ በሙቀት ስለሚሞት ከንቱ ነው። ደቁሶ ለ10 ደቂቃ ማቆየት የተለመደው መንገድ ነው። ያንን ልቁጥ ድድ ላይ ወይም ጉንጭ ውስጥ አስቀምጦ የተኛ ሰው ግን ነጭ የተላጠ ቁስል ይዞ ይመጣል፤ የኬሚካል ቃጠሎ ነው፣ ከካንዲዳም ጋር ይምታታል። ቁስሉ ደግሞ ለካንዲዳ ተጨማሪ በር ነው።

ሎሚ ፒኤቹ ከ2 እስከ 3 ነው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ የሎሚ ጭማቂ አፍ ውስጥ መያዝ የጥርስ ሽፋንን ይበላል፤ አፉ ለደረቀበት ሰው፣ ማለትም ለካንዲዳ ለሚጋለጠው ሰው፣ ይብሳል። ምክንያቱም አሲዱን የሚያበርደው ምራቅ የለውም። ቀረፋም አለ፤ ዋናው ውሕዱ ሲናማልዴሃይድ ገቺ መጠኑ ጥሩ ሆኖ አፍ ውስጥ የአለርጂ ቁስል በማምጣት የታወቀ ነው።

መድኃኒት_ቀማሚ
ከመድኃኒት ጋር የሚጋጨውንም ልጨምር። የነጭ ሽንኩርት ክኒን አዘውትሮ የሚወስድ ሰው ላይ ሳኩዊናቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት በደም ውስጥ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት) ለሚወስድ ሰው ደግሞ ዋናው ስጋት ከዕፁ አይደለም፣ ከማይኮናዞል ጄል ነው፤ አፍ ላይ የሚቀባ ስለሆነ ብቻ ማንም አይጠረጥረውም፣ ደም መፍሰስ ግን ያመጣል። «ዕፅ አደገኛ፣ ፋርማሲ አስተማማኝ» የሚል ሕግ የለም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ይታያል።

ዘይት_አውጪ
የሮማን ልጣጭን ማንም አላነሳም። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት በሰው ሠራሽ ጥርስ ሥር ካንዲዳ ላለባቸው 60 ሰዎች የሮማን ልጣጭ ጄል ከማይኮናዞል ጄል ጋር ተወዳድሯል፤ በቀን 3 ጊዜ ለ15 ቀን። ማይኮናዞሉ ከ30 ሰው 27 ላይ ሠራ፣ ሮማኑ 21 ላይ። ያንሳል፣ ግን ዜሮ አይደለም። ደግሞም ጄል ነው፤ ከላይ ስለ ቆይታ የተባለውን ያጠናክራል።

ማይክሮ_ቤንች
ጥሩ ምሳሌ ነው። ላብራቶሪ ላይ ግን ሮማን ተንኮለኛ ነው፤ ታኒን (አፍ የሚያጨማድድ ውሕድ) የበዛበት ጭማቂ ሁለት ቦታ ላይ ያታልላል። አንደኛ፣ ፕሮቲን ስለሚያረጋ ጉድጓዱን ያደፈርሰዋል፤ በዓይን ያነበበ ሰው «አደገ» ይላል። ሁለተኛ፣ ከዚህ ለመሸሽ ሕያው ሕዋስ መኖሩን በቀለም ለውጥ የሚያሳየው ሬሳዙሪን ሲጨመር፣ ጭማቂው ራሱ ቀለሙን ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ይቀይረዋል፤ ሕያው እርሾ ባይኖርም። እርሾ የሌለበት፣ ጭማቂና ሬሳዙሪን ብቻ ያለበት ረድፍ አስገቡ። እሱ ከቀላ ቀለሙን ተዉትና ከየጉድጓዱ 10 ማይክሮ ሊትር ሳቡሮ አጋር (የፈንገስ ማሳደጊያ) ላይ አድርጋችሁ የበቀለውን ቁጠሩ። አድካሚ ነው፣ ግን አይዋሽም።

ከፍሉኮናዞል ጋር አብሮ ይሠራል የሚል ካለም ድምር ኢንዴክሱን (ሁለቱ አብረው ሲሆኑ የየራሳቸው ገቺ መጠን ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚያሳየውን ቁጥር) ያሳይ፤ 0.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ነው መደጋገፍ የሚባለው። 0.8 ይዞ «ያግዛል» ማለት አይቻልም።

ጥያቄ_ብቻ
ለሕፃን አፍ የትኛው ይሻላል?

መድኃኒት_ቀማሚ
አንዱም። ቲ ትሪ ሲዋጥ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ መንገዳገድ፣ ራስን መሳት ያመጣል፤ ሕፃን ደግሞ መትፋት አያውቅም። ሜንቶልና ካምፎር ያለበትም ከሕፃን ይራቅ። ማር ከ12 ወር በታች ክልክል ነው፣ ቦቱሊዝም። ለሕፃን የኒስታቲን ፈሳሽ ነው፤ 1 ሚሊ ሊትር በአንድ ጉንጭ፣ 1 በሌላው፣ በቀን 4 ጊዜ፣ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም 2 ቀን ይቀጥላል። ጡት የሚጠባ ከሆነ የእናቲቱም ጡት ይታይ፤ ጡጦና የጡጦ ጫፍ ይቀቀል።

ዘይት_አውጪ
ለሰው ሠራሽ ጥርስ መዘፍዘፊያ ግን ዘይት ቦታ ያለው ይመስለኛል። እዚያ የሚያጥብ ምራቅ የለም፣ ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል።

የአፍ_ሐኪም
ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ከዘይት ዓይነቶች ግን ቅርንፉድን አውጡ። ዩጀኖል አክሪሊክን (ሰው ሠራሽ ጥርሱ የተሠራበትን ፕላስቲክ) ያላላዋል፤ የላላና ላዩ የሻከረ አክሪሊክ ካንዲዳ ይበልጥ ይይዛል። ሌላ ዘይት ለመሞከር የሚፈልግም መጀመሪያ የተጣለ አክሪሊክ ቁራጭ ዘፍዝፎ ክብደቱንና የላዩን ሻካራነት ይለካ። እስከዚያው ያለው አሠራር ይኸው ነው፦ ማታ ማውለቅ፣ በብሩሽና በሳሙና ማሸት፣ ብረት ከሌለው በ0.5% ሶዲየም ሃይፖክሎራይት (በረኪና) ለ10 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ አጥቦ በንጹሕ ውኃ ማሳደር። ብረት ካለው በክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ ፈሳሽ)። መፋቅ ከሌለ የትኛውም መዘፍዘፊያ ብቻውን አያጸዳውም።

ቀማሚ_ቤት
የመጨረሻ። ክሎርሄክሲዲን የሚጉመጠመጥ ሰው ኒስታቲንን ወዲያው ቢከተልበት?

መድኃኒት_ቀማሚ
ይተሳሰራሉ፤ የማይሟሟ ነገር ይፈጥሩና ሁለቱም ይደክማሉ። ቢያንስ 30 ደቂቃ ይለያዩ። ኒስታቲኑ ከምግብ በኋላ ሆኖ፣ አፍ ውስጥ የሚቻለውን ያህል እየተዟዟረ ይቆይ፣ ከዚያ ይዋጥ፤ ለግማሽ ሰዓት ውኃም አይጠጣበት። ጥርስ ያለው ሰው ደግሞ ፈሳሹ ስኳር የበዛበት መሆኑን ይወቅ፤ ከማታው መጠን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጥርሱን ፍቆ ይተኛ።